የናሁዌል ልብና የእሁድ ጥብስ

በኪልሜስ ከተማ እሁድ ያለ ጥብስ እሁድ አይባልም። ናሁዌል ገና በሠላሳ ስድስት ዓመቱ የልቡ ደም ስሮች መጥበባቸው ሲነገረው፣ ቤተሰቡ ስለ ሕክምናው ሊመክር የተሰበሰበውም እዚያው ፍሙ ዳር ነው፤ ስቡ ጠብ ጠብ እያለ፣ ጭሱ ዓይን እያስለቀሰ።

አጎቱ ኦስቫልዶ የሸሚዙን ቁልፎች ፈታ። የደረቱን ጠባሳ ለማሳየት እሁድ እስኪደርስ የሚቸኩል ሰው ነው።

"ቀዶ ጥገና ነው እንጂ! በተደፈነው ጎን አዲስ መንገድ ያበጁልሃል፤ ዕድሜ ልክህን አትነካም!" አለ፣ ሲጋራውን ከከንፈሩ ሳያወርድ።

"በሬ መሰልካቸው እንዴ፣ እንዲህ የተለተሉህ?" አለች አክስቱ ኔሊዳ። "ለእኔ በእጄ በኩል ትንሽ የሽቦ ቱቦ አስገብተው የልቤን ስር ከፈቱልኝ፤ በማግስቱ ፀጉሬን ተሠራሁ።"

"ሁለተኛዋንስ ሽቦ ለምን አስገቡልሽ?" አለ ኦስቫልዶ።

"እሷማ የፊተኛዋ ስትጠብ ነው!"

ናሁዌል ሥጋውን እያገላበጠ ሳቀ። "በቃ፣ ሐሙስ ሽቦ፣ እሁድ እዚሁ ፍሙ ፊት። እኔን የሚመቸኝ እሱ ነው።"

አያቱ ኦፌልያ ዓርብ አብራው ሐኪም ቤት ሄዳ ነበር። ዶክተር ኢባራ ረጋ ብላ፣ "የትኛውንም ብትመርጥ ኪኒኑ አይቀርም፤ ሲጋራህ ግን ይቅር" አለች። "ሦስት ስር ለጠበበበትና ስኳር ላለበት ወጣት፣ ነገን ካሰብን ቀዶ ጥገናው ይሻላል።" ኦፌልያ ከዚህ ሁሉ የሰማችው "ኪኒን" የምትለዋን ብቻ ነበር። ቢላ የሚባል ነገር የልጅ ልጇን እንዲነካው አልፈለገችም።

ሥጋው ቀረበ። "ለጠባሹ ይጨብጨብ!" ሲል ኦስቫልዶ ጮኸ፤ እንደ ወጉ ሁሉም አጨበጨበ። ናሁዌል መቆንጠጫውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

የኦፌልያ እጅ አየር ላይ ቀረ። ባሏ ሮዶልፎም በአርባ አንድ ዓመቱ እንዲሁ ጎንበስ ብሎ ነበር። ሰው እጅ የነሳ መስሎት ጭብጨባውን አደመቀው፤ እሱ ግን ቀና አላለም። ቤተሰቡ ዛሬም "እንደ ጀግና ከምድጃው ፊት ወደቀ" ይላል።

ተነሳችና የሶዳ ውሃውን ጠርሙስ አንስታ ፍሙ ላይ አርከፈከፈችው። እዚያ አገር የጠባሽን እሳት መንካት የሰው ሚስት ከመንካት አይተናነስም።

"እማ! አበድሽ?" አለ ኦስቫልዶ።

"አንተ አፍህን ዝጋ!" ወደ ናሁዌል ዞራ መቆንጠጫውን ከእጁ ነጠቀችው። "አያትህም እንዲህ ነው ያጎነበሰው፣ የኔ ልጅ። እኔም ሳጨበጭብ ነበር። ቢላውን እፈራለሁ፤ ይሄን ጭብጨባ ግን ይብስ እፈራለሁ። ዶክተሯ ያለችህን አድርግ።"

ናሁዌል የሚጨሰውን አመድ አየ። "እሺ እማማ፣ መቆንጠጫውን ግን መልሺልኝ።"

አልመለሰችለትም።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። ወራት አልፈው በአንዱ እሁድ ጠባሿ ኦፌልያ ሆነች፤ ዱባውን አሳርራ፣ ዓሣውን ጥሬ አድርጋ አቀረበች። ማንም አላጨበጨበም። ናሁዌል ፊቱን አኮሳትሮ ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ዋጠ።

"ለኪኒን ዋጩ ይጨብጨብ!" አለች ኦፌልያ።

ሁሉም አጨበጨበ፤ ኦስቫልዶም ሲጋራውን በጥርሱ ነክሶ። ናሁዌል ልማድ ሆኖበት ብድግ አለና እጅ ሊነሳ ጎንበስ ሲል አያቱ ጮኸችበት፦

"ቀና በል!"