የፎቁ ሊቀመንበር

ለተሚካኤል ካርልተን በሚባለው የአውስትራሊያዋ ሜልበርን ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ልጅ ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ለዩኒቨርሲቲ አብቅታለች። በሱዳን አድርጋ ሜልበርን ስትገባ የምታውቀው ትግርኛና ጥቂት ዓረብኛ ነበር። አማርኛን የተማረችው ከጎረቤት፣ በሊፍትና በልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ከየማዕዘኑ የመጣው ሐበሻ የሚግባባው በዚያው በተሰባበረ አማርኛ ነበርና ማንም በማንም አይስቅም።

ግድግዳ የምትጋራቸው እትዬ የሺሀረግ ልጅ የላቸውም። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ብቻቸውን ግን ውለው አያውቁም። በራቸውን ገርበብ አድርገው ይቀመጣሉ፤ የሚያልፍ ሁሉ አንገቱን አስግጎ «እንዴት አደሩ?» ይላል፤ ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ቁልፍ ሲጠፋበት እሳቸው ዘንድ ይገባል። ለተሚካኤል አረጋውያንን መንከባከብ ሥራዋ ስለሆነ ጉልበታቸውን ታሽላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ታስታውሳቸዋለች። እሳቸውም ልጇን ሄርሞንን አሳድገውላታል።

የነዋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ጋሼ ጉዲና ነበሩ። ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ጸጥተኛ የወለጋ ሰው ናቸው። ንግግር አይሆንላቸውም። ማይክ ሲይዙ ድምፃቸው ወደ ሆዳቸው ይመለሳል። ሥራቸውን የሚሠሩት ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ፣ ወንበር ላይ እየጠበቁ፣ «ባለፈው እንዲህ ብለኸኝ ነበር» እያሉ ነው። ሊፍቱ ሲሠራ ማንም ጋሼ ጉዲናን አያስታውስም፤ ሲቆም ግን ሁሉም ይደውልላቸዋል።

አንድ ቀን ፎቁ ሊፈርስ ነው ተባለ። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች መጥተው «አርጅቷል፣ ሁላችሁም ሌላ ቤት ይሰጣችኋል» ብለው ሄዱ። የት እንደሚሰጥ አልተናገሩም። ሕዝቡ ተደናግጦ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ተሰበሰበ። ወንበር ስላልበቃ ግማሹ ቆሟል።

ጋሼ ጉዲና ተነሡ። «ያው... ንግግር ላይ ነን» አሉ። «እዚሁ ካርልተን የሚሰጡ ቤቶች አሉ። ጥቂት ናቸው። ማለቴ... ገና የተቆረጠ ነገር የለም። ስለዚህ ብዙ ባንናገር...»

«ጮክ ይበሉ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እሳቸው የት እንደሚገቡ ያውቃሉ፤ እኛ ነን የማናውቅ!» አለች ሌላዋ። አዳራሹ በጉርምርምታ ተሞላ። ጋሼ ጉዲና ማይኩን እንደ ትኩስ ነገር ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

ያን ጊዜ ነው ያቤጽ እጁን ያወጣው። ለማስተርስ መጥቶ የቀረ፣ እዚያው ፎቅ ውስጥ ከእህቱ ጋር የሚኖር ወጣት ነው። ማይክ አልፈለገም።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ» አለ። «ስንት ጊዜ ሸክፋችኋል? ከአገር ስትወጡ ሸከፋችሁ። ከካምፕ ስትወጡ ሸከፋችሁ። እዚህ ደርሳችሁ ‹ተመስገን፣ አረፍን› አላችሁ። አሁን ደግሞ ልጃችሁ የሚሆን ሰው ክራቫት አስሮ መጥቶ ‹ሸክፉ› ይላችኋል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ስንት ጊዜ ይሸከፋል?»

ከዚያ አንዲት ሴት ስቅስቅ ስትል ተሰማ። ለተሚካኤል የሴትዮዋን ድምፅ ለመለየት ዞር ስትል የራሷም ጉንጭ ርሶ አገኘችው። ስንት ዓመት ሙሉ በደረቷ ይዛው የዞረችውን ነገር አንድ ሰው ስም አወጣለት። ሳታስበው ብድግ ብላ «ይሄ ልጅ ይምራን!» አለች። ሰዉ የሚያከብራት ሴት ነበረችና እጅ እንደ ደን በቀለ።

ጋሼ ጉዲና የአዳራሹን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለያቤጽ ሰጡት። ፊታቸው ላይ ቂም አልነበረም። ለተሚካኤልን ግን ሊፍት ስትጠብቅ ጠጋ ብለው አናገሯት።

«ስሚ ልጄ፣ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ሰዉን አንድ በአንድ ለኢንተርቪው ይጠሩታል። የካርልተኖቹ ቤቶች ቀድሞ ገብቶ ‹እዚሁ መቅረት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቴ ይኼ ነው› ላለ ሰው ነው የሚሰጡት። ልጁን ንገሪው። ከሁሉም በፊት አሮጊቶቹ ይግቡ።»

ለተሚካኤል ነገረችው። ያቤጽ አልናቀውም፤ ጭንቅላቱን ይዞ አሰበበት።

«አንድ በአንድ ከገባን አንድ በአንድ ይጨርሱናል፣ እትዬ» አላት። «ለጥቂቱ ካርልተንን ይሰጡና ብዙውን ይበትኑታል። ማንም ካልገባ ግን ከሁላችንም ጋር መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል።»

ይህም እውነት መሰላት። በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም ኢንተርቪው እንዳይገባ ተወሰነ። ጋሼ ጉዲና ከመሀል ተነሥተው «እኔ እንኳ... ይኼ ነገር እንዲህ ባይሆን...» ሲሉ ጭብጨባው ዋጣቸው። ተቀመጡ። ካጨበጨቡት አንዷ ለተሚካኤል ነበረች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት፣ ምን ይደረግ፣ የሕይወቷ ምርጥ ሳምንታት ነበሩ። ላይገን በሚባለው የካርልተን ዋና ጎዳና ሰልፍ ወጡ። ካፌ የተቀመጠው ፈረንጅ ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። ያቤጽ በቴሌቪዥን ቀርቦ በእንግሊዝኛም እንደዚያው ሰው አስለቀሰ። ከእናቷ ጋር መንገድ መሄድ ታፍር የነበረችው ሄርሞን እጇን ይዛ ተሰለፈች፤ በእንግሊዝኛዋም «እማዬ፣ ዛሬ ኮራሁብሽ» አለቻት።

እትዬ የሺሀረግ አስተርጓሚ ተመድቦላቸው ለኢንተርቪው የተጠሩት በዚሁ ሰሞን ነው። ገርበብ ባለው በር በኩል ለተሚካኤልን ጠሯት።

«ልሂድ ወይስ ልቅር ልጄ? እኔ ነገሩ አልገባኝም።»

«ይቅሩ እትዬ። ቃላችንን አናፍርስ።»

«አንቺ ካልሽ እሺ» አሉ አሮጊቷ፤ የተጠሩበትንም ነገር ዳግመኛ አላነሱም።

ቃሉን ያፈረሱ ነበሩ። ማን እንደሆኑ የታወቀው በኋላ ነው፤ በሰልፉ ፊት ፊት ሲጮኹ ከነበሩት መካከል ሳይቀር ኢንተርቪው ገብተው የወጡ ተገኙ። የካርልተኖቹ ቤቶች አለቁ። ያቤጽ ሁለተኛ ሰልፍ ጠራ። ዝናብ ነበር፤ የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ካሜራው ጭራሽ አልመጣም። ለቀረው ሰው ቤቱ በዕጣ መልክ ደረሰው፤ ለአንዱ ከከተማው ሰሜን ጫፍ፣ ለሌላው ከምዕራብ ጫፍ። ለተሚካኤል በሰሜን ያለው ክሬጊበርን ደረሳት። ለእትዬ የሺሀረግ ደግሞ በምዕራብ ያለው ሜልተን።

ዕቃ በተጫነበት ጠዋት ጋሼ ጉዲናን በር ላይ አልጋ ሲሸከሙ አገኘቻቸው።

«አንቱስ የት ደረሰዎት?»

«ክሬጊበርን። ጎረቤትነታችን ቀጥሏል።»

ለተሚካኤል ቆም አለች። «ኢንተርቪው አልገቡም ማለት ነው? እያወቁ?»

«ሕዝብ ወስኗላ» አሉ፤ አልጋውንም ወደ መኪናው ገፉት።

ከክሬጊበርን ሜልተን ለመሄድ በባቡር መሀል ከተማ ገብቶ እንደገና በሌላ ባቡር መውጣት ነው። ለተሚካኤል ሺፍት በሌላት ቀን ትሄዳለች። መጀመሪያ አዘውትራ ሄደች፤ ከዚያ አለፍ አለፍ እያለ፤ ከዚያ በስልክ። የእትዬ የሺሀረግ ቤት አዲስ ነው፤ ማሞቂያው ይሠራል፤ ደረጃ የለው ሊፍት የለው።

«ቤቱስ ቆንጆ ነው» ይሏታል። «የሚያልፍ ሰው የለውም እንጂ።»

እንደ ልማዳቸው በራቸውን ገርበብ አድርገው ሲቀመጡ ጎረቤት ሌባ እንዳይገባ ፈርቶ ይዘጋላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ቀስ ብለው ተነሥተው ይከፍቱታል። ይህን እየሳቁ ነበር የሚያወሩት። በኋላ መሳቁን ተዉት፤ ቆይተውም በሩን መክፈቱን ተዉት። በስልክ ሲያወሩ ቃል ይጠፋባቸው ጀመር። መድኃኒት መዋጣቸውን ስትጠይቃቸው «ማን አለና ያስታውሰኛል» አሉ፣ ለወቀሳ ሳይሆን እንዲያው ሲናገሩ።

በክረምቱ፣ መጋረጃቸው ሳይገለጥ መሰንበቱን ያ በሩን የሚዘጋላቸው ጎረቤት አስተውሎ ፖሊስ ጠራ። ሲገቡ እትዬ የሺሀረግ ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ስንት ቀን እንደሆናቸው ለለተሚካኤል ሊነግሯት ሲሉ «አትንገሩኝ» አለች።

ቀብሩን ያሰናዱት ጋሼ ጉዲና ናቸው። ማን አዘዛቸው? ማንም። ከየሰፈሩ የተበተነውን ሰው የሚያመጣ አውቶቡስ ቡክ አደረጉ፣ ቄሱን አናገሩ፣ አሮጊቷ ከባላቸው አጠገብ እንዲያርፉ መቃብሩን አስከፈቱ። በዚያ ዝናብ ለሽማግሌዎች መቀመጫና ድንኳን ሳይቀር ቀርቦ ነበር። ጋሼ ጉዲና ራሳቸው ከሰዉ ኋላ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

የሟቿን የሕይወት ታሪክ ያነበበው ያቤጽ ነው። ማንበብ እንኳ አይባልም፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተውና ስለዚያ ገርበብ ስላለ በር ተናገረ። የተከፈለ አልቃሽ እንኳ እንዲህ አያስለቅስም። ለተሚካኤል ላለማልቀስ ጥርሷን ነክሳ ነበር፤ አልቻለችም። በእንባዋ መሀል «ይኼንን ልጅ ልጠላው ይገባኝ ነበር» ብላ አሰበች፤ ጥላቻው ግን አልመጣላትም።

ከቀብር በኋላ በተበላበት አዳራሽ ኡርጌሳ የሚባል ባለታክሲ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ዛሬ ዕለቱ ባይሆንም፣ አለ፣ ሰው ከተሰበሰበ አይቀር፤ የካውንስል፣ የከተማው ምክር ቤት፣ ምርጫ እየመጣ ነው፤ ያቤጽ እንዲወዳደር ለምነነዋል፤ ድምፅ ያጣ ሕዝብ ድምፅ ይኑረው። ሰዉ አጨበጨበ። ለቅሶ መሆኑ ትዝ ብሎት ጭብጨባውን ቶሎ አቆመ።

ያቤጽ ለተሚካኤል ወዳለችበት መጣ። ከስቷል።

«እትዬ ለተ፣ አንቺ ብትናገሪልኝ ሰዉ ይሰማሻል» አላት።

«እሳቸውን ‹ይቅሩ› ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ያቤጽ።»

«አንቺን ‹ማንም አይግባ› ያልኩሽ ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያለኝ ይመስልሻል?» ድምፁ ዝቅ አለ። «መናገር ነው የማውቀው። የሚያውቅ ሰው ደግሞ ዝም ይላል። ጋሼ ጉዲና አንድ ቀን እንኳ አንገቴን ይዘው ‹ተው፣ አጠፋህ› ቢሉኝ ኖሮ...»

«አንተስ ለምን ወደ እሳቸው አልሄድክም?»

ያቤጽ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ሲጠፋው አየችው።

ጋሼ ጉዲናን ለዕለቱ በተዋሰችው መኪና ይዛቸው ተመለሰች። አውራ ጎዳናው ላይ የከባድ መኪኖቹ ጎማ የሚረጨው ውኃ መስተዋቱን ያለብሰዋል።

«ያን ቀን በስብሰባው ለምን አልጮሁም?» አለች።

«ተነሥቼ ነበር።»

«መነሣት መጮህ አይደለም! የሰው ቤት እየተቃጠለ እያዩ ‹ይኼ ነገር ባይሆን› ይባላል? አንቱ ያወቁትን እኛ አላወቅንም። ማወቅዎ ምን ጠቀመን?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያሉ አሳደጉን» አሉ። «ከዚያ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ ቁልፉን ስሰጠው ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። እስቲ ይሞክሩት ብዬ ነበር። ከዚህ የሚከፋ ነገር ከእኔ አትሰሚም።» ቀጥለውም «ብጮህስ ትሰሙኝ ነበር?» አሏት።

ለተሚካኤል «አዎ» ልትላቸው ፈለገች። በዚያ አዳራሽ እጇ እስኪቃጠል ማጨብጨቧ ትዝ አላት። ደጃቸው አወረደቻቸው። «አንቱስ ለምን አይወዳደሩም?» ብትላቸው ሳቅ እንኳ አላሉም፤ እጃቸውን አንሥተው ገቡ።

ቤቷ ስትደርስ ሄርሞን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣለች። ከለቅሶው ቀድማ በጓደኛዋ መኪና መጥታ ነው። ዓይኗ አብጧል፣ ግን ያበራል። በእንግሊዝኛ ነገረቻት፤ ያቤጽን ለምርጫው ልትረዳው ተመዝግባለች፤ ከነገ ጀምሮ በር ለበር ልትዞር ነው። «እሱ ሲናገር እኮ ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስላል፣ እማ» አለቻት።

ለተሚካኤል የረጠበ ነጠላዋን አውልቃ ወንበር ላይ አሰጣችው። «ተይ» የሚለው ቃል ከአፏ ደርሶ ነበር። ግን ተይ ብላ፣ ማንን ተከተይ ልትላት ነው? ድስቱን ከፍታ ባዶ መሆኑን አየች። ዘጋችው። ውጭ ዝናቡ አላባራም፤ መንገዱ ላይም ሰው አልነበረም።