ኳሷ ከመምጣቷ በፊት

"እዩኝ!"

የአሰልጣኙ ትምህርት ሁሉ ከዚህች አንዲት ቃል አያልፍም ነበር። ኳሷን ከቅጣት ክልሉ ጫፍ ላይ ያስቀምጣል፣ ትንሽ ወደኋላ ይልና በግራ እግሩ ይለጋታል። ኳሷም እንደ ታዛዥ ልጅ ተጣማ ሄዳ፣ ቋሚውን ታክካ መረቡ ውስጥ ትወሸቃለች። ተጫዋቾቹ ያጨበጭባሉ፤ አንዳንዱም ያፏጫል። "በቃ፣ እንዲህ ነው። በሉ እስቲ" ይላቸዋል። እነሱ የመቷቸው ኳሶች ግን የሚለቀሙት ከአጥሩ ባሻገር ካለው ጋራዥ ጣሪያ ላይ ነበር።

በተጫዋችነት ዘመኑ "ምላጭ" ይሉት ነበር። ከሰፈር ሜዳ ተነስቶ በቀጥታ ዋናው ቡድን የገባ፣ ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ፣ ባህር ማዶም ተሻግሮ የተጫወተ ሰው ነው። ዕድሜው ሲገፋ ወዳሳደገው ክለብ ተመለሰና መጫወቱን አቆመ፤ በዓመቱ አሰልጣኝ አደረጉት። ያን ቀን ደጋፊው ዋንጫ የተበላ ያህል ጨፈረ። አሁን ግን የውድድር ዘመኑ እየተገባደደ ነው፤ ቡድኑም ከሊጉ ሊወርድ አፋፍ ላይ ቆሟል። የክለቡ ፕሬዚዳንት ቢሮው ጠርቶ ሻይ አዘዘለት፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝም ነገሩን አፈረጠው።

"ወንድሜ፣ ስምህን እናከብራለን። ከወረድን ግን ውልህም አብሮን ይወርዳል።"

ያመመው ውሉ አልነበረም። ከቢሮው ወጥቶ ደረጃውን ሲወርድ ሁለት ደጋፊዎች መኖሩን ሳያውቁ ሲያሙት ሰማ። "ለሱ የተሰጠው እግር ነው እንጂ አፍ አይደለም" አለ አንደኛው፤ ሌላኛው በሳቅ ፈረሰ። ቀልዱ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እውነት ነበራ! ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ሲናገርለት ኖሯል። እግሩ ዝም ያለ ቀን እሱ ማን ነው?

ያ ቀን ደግሞ ሩቅ አልነበረም። በማግስቱ ልምምድ ላይ የፊት አጥቂውን ያዘው። አጥቂውን "መሰላል" ይሉታል፤ ቁመቱ እንደ ስሙ ነው፣ ሲሮጥ ጀርባው ላይ ቁም ሳጥን የተሸከመ ይመስላል። አሰልጣኙ ከእሱ ላይ ሌላ ምላጭ ሊያወጣ ዓመቱን ሙሉ ታግሏል።

"አንተ ልጅ፣ ተከላካዩን በጀርባህ ያዝና ዙር! ምን ያስፈራሃል? እንዲህ! እዩኝ!"

ዞረ። ገላው ዞረ፤ ጉልበቱ ግን እዚያው ቀረ።

የቡድኑ ወጌሻ ከልጅነቱ አንስቶ ያሸው የነበረ ሽማግሌ ነው። ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ግራና ቀኝ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"ይቺን ጉልበት ከሚስትህ በፊት ነው የማውቃት። እኔንም ሚስትህንም ሰምተኸን አታውቅም።"

"በቶሎ ጠግናት። ልምምድ አለብኝ።"

"ኳስ ስትነካ ባይህ ሌላኛዋን እኔው ራሴ እሰብርልሃለሁ። ተቀመጥና በአፍህ አስተምር።"

"በአፌ ምን ልበላቸው?"

ወጌሻው ሊስቅ አለና የሰውየውን ፊት አይቶ ተወው። የምሩን ነበር የጠየቀው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ አስተኝታው ጉልበቱ ስር ትራስ እያስገባች፣ "እንግዲህ የኔ ጌታ፣ ዕድሜህን ሙሉ ሰው አንተን ሲያይ ኖሯል። እስቲ ደግሞ አንተ ሰው እይ" አለችው።

ሰኞ ከሜዳው ዳር፣ ከእንጨት መቀመጫዎቹ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ልምምዱን ምክትሉ ይመራል። የመጀመሪያው ቀን ስቃይ ነበር። ኳሷ በሄደችበት ሁሉ በፋሻ የታሰረው እግሩ አብሮ ይወራጫል፤ ቆሽቱ እያረረ ዋለ። ኳሷን ሲከተል የኖረ ዓይን ከእሷ ሌላ የሚያየው አልነበረውም። ከቀናት በኋላ ግን መናደዱም ሰለቸውና ዓይኑን ከኳሷ ነቅሎ ዝም ብሎ ማየት ጀመረ።

ያኔ ነው መሰላልን ያየው።

ኳሷ በወዲያኛው መስመር ላይ ሳለች፣ ማንም ልብ ሳይለው፣ መሰላል የወደቀበትን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ዝግ ብሎ ይራመዳል። ተከላካዩም ይከተለዋል። መሰላል ይቆማል፤ ተከላካዩም ይቆማል። ከዚያ የመስመር አጥቂው ቀና ሳይል ገና፣ ያ ከባድ ሰውዬ ከነበረበት ጠፍቶ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሟል። ኳሷ ግን አትመጣለትም። ማንም አያየውማ! አንገቱን ደፍቶ ይመለስና እንደገና ይጀምራል። ዓመቱን ሙሉ፣ ማንም የማይመጣበትን ጠረጴዛ ሲያሰናዳ እንደኖረ አስተናጋጅ።

አሰልጣኙ ጠራው።

"እዚያ ጋ ምን ጠፍቶህ ነው የምትመላለሰው?"

መሰላል እጅ ከፍንጅ የተያዘ መሰለ። "ይቅርታ ኮች። አይለምደኝም።"

"ይልመድህ እንጂ! ለምን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።"

"እኔ እንደ እርስዎ ፈጣን አይደለሁማ። ሌላው ሲነሳ ከተነሳሁ አልደርስም። ተከላካዩን ትንሽ አዞረዋለሁ፤ ዓይኑ ወደ ኳሷ የሚመለስበት ሰዓት አለ፣ ያኔ ቀድሜ እሄዳለሁ።"

"ማን አስተማረህ?"

"ማንም። እግሬ ነው ያስገደደኝ።"

አሰልጣኙ እጁን አፉ ላይ ጫነ። በዚያ ሁሉ ዘመኑ የአንድም ተከላካይ ዓይን ወዴት እንደሚያይ አስቦ አያውቅም፤ ምን ቸግሮት፣ ጥሎት ይሄድ የለ! ተወልዶ ባረጀበት ቤት ከግድግዳው ጀርባ ሌላ ሰፊ ክፍል እንዳለ ዛሬ የተነገረው ሰው ሆነ። ያ ክፍል ሁልጊዜም እዚያ ነበር።

በማግስቱ የቀኝ መስመር አጥቂውን ከልምምድ አስወጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ልጁ እግረ ፈጣን፣ ምላሰ ፈጣን ነው።

"መሰላልን ብቻ እይ። ምን ይታይሃል?"

"ረጅም ሰው፣ ሥራ ፈቶ።"

"ደግመህ እይ።"

ልጁ እያላገጠ ማየት ጀመረ። ቆይቶ ማላገጡን ተወ። ከዚያ ብድግ አለ።

"ወይኔ ኮች! ይሄ ሰውዬ ክፍት ነው እኮ! ሁሌም ክፍት ነው! እንዴት ዝም ትላለህ አንተ ጅብ?" ብሎ ወደ ሜዳው ጮኸ። መሰላል ከሩቅ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ማን ጠይቆኝ እንደማለት።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም በየተራቸው ወጥተው ከአሰልጣኙ ጎን ተቀመጡ። እሱም ይጠይቃል እንጂ አይናገርም። አሁን ማን ማንን አየ? ኳሷ ባትኖር ያ ሰውዬ የት ይሄዳል? ምክትሉ መጀመሪያ ላይ አሰልጣኙ ተስፋ ቆርጦ ልጆቹን እያጫወተ መስሎት ነበር።

የመጨረሻው ጨዋታ ካሸነፉ መትረፊያቸው፣ አቻ ከወጡ ግን መውረጃቸው ነበር። ዝናብ አካፋ፤ ሜዳው ከበደ። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲጠጋ አንድም ጎል አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ በክብር ወንበሩ ላይ ፊቱን አጥቁሯል፤ ደጋፊው ድምፁ ተዘግቷል። አሰልጣኙ በከዘራ ተደግፎ መስመሩ ዳር ቆሟል። የሚጮኸው ነገር አልነበረውም፤ የሚጠብቀው ግን ነበረው።

መሰላል መራመድ ጀመረ። ተከላካዩ ተከተለው። መሰላል ቆመ። የመስመር አጥቂው ቀና ሳይል ኳሷን ወደ ባዶው ሜዳ ለቀቃት፤ ስትደርስ መሰላል ቀድሟት እዚያ ነበር። ስታዲየሙ በሙሉ ይመታታል ብሎ ተነሳ፤ ሁለት ተከላካዮችና በረኛው እላዩ ላይ ተወረወሩ። መሰላል ግን አልመታትም። እግሩን ከፈት አድርጎ በመሐል አሳለፋት፤ ከኋላ ተከላካዮቹ ያላዩት አምበሉ እየበረረ ደርሶ ባዶ መረብ ውስጥ አስገባት።

ይህንን አሰልጣኙ አላስተማራቸውም። ማንም አላስተማራቸውም።

ስታዲየሙ ተናወጠ። ምክትሉ እየዘለለ ነው፤ ወጌሻው አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል። አሰልጣኙ ብቻ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቆሟል። የገዛ ጎሎቹን ሲያስብ ሁሉም አንድ እግር ነበሩ፣ አንድ ሰው። ይህ ግን አንድ ራስ በአስራ አንድ ሰው ገላ ውስጥ ሲያስብ ማየት ነበር። ከእሱ የሚበልጥ ነገር ዓይኑ ስር አልፎ ሄደ።

"አየኸው?" አለው ወጌሻውን።

"ጎሏን? አየኋት እንጂ!"

"ጎሏን አይደለም! ከጎሏ በፊት ያለውን!"

"ኧረ ሰውዬ፣ ተደሰት!"

ፊሽካው ሲነፋ ደጋፊው ሜዳውን ወረረ። ፕሬዚዳንቱ በጭቃው መሐል ጫማውን እየጠበቀ መጣ፤ እጁን ዘርግቶ ስለ ውል፣ ስለ መጪው ዓመት ያወራ ጀመር። አሰልጣኙ እጁን ጨበጠው፤ ዓይኑ ግን ከትከሻው በላይ መሰላልን ይፈልጋል። አገኘው። ማሊያው ተቀዶ፣ ደጋፊው እላዩ ላይ ተንጠልጥሎ። በከዘራው ሰዉን ከፍሎ ደረሰበት።

"አምበሉ እየመጣ መሆኑን በምን አወቅህ? ጀርባህን ሰጥተኸው ነበር እኮ!"

መሰላል ያጠፋ መስሎት ትንሽ ደነገጠ። "በረኛቸውን አየሁት ኮች። ዓይኑ እኔን አልፎ ኋላዬን አየ። ሰው ባይመጣ ኋላዬ ምን ያያል?"

አሰልጣኙ ከዘራውን ጥሎ፣ ያችን የታመመች ጉልበቱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ ከነሙሉ ልብሱ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለ።

"ቁጭ በል" አለው። "ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።"