ያልተጻፉት ስድስት

"ሦስት እጥፍ!" አለች፤ ደብዳቤውን የኢንሹራንሱ ሹም ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በጣቷ እየመታች። "ተሳስታችኋል። ለሠራተኞቼ መድን አምና የከፈልኩት አረቦን የዚህን ሲሶ ነው። ወይ ቁጥሩን አዛብታችኋል፣ ወይ የሌላ ሰው ደብዳቤ ነው የላካችሁልኝ።"

ሹሙ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። ደብዳቤውን ሳያነሳ አየው።

"የእርስዎ ነው" አለ በቀስታ። "ስህተት የለውም።"

ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗል። የተወላት ወደቡ ላይ የሚሠራ አንድ የጫኝና አውራጅ ድርጅት ነው፤ ሁለት ፎርክሊፍት፣ አንድ ያረጀ ክሬን፣ እሷን "እትዬ" እያሉ የሚጠሩ ብዙ ወንዶች። ከዚያ በፊት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነበራት፤ ስለ መርከብ የምታውቀው ትልቅ መሆኑን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። ደብዳቤውና ባንኩ የእሷ፣ ወደቡና የሠራተኞቹ ደመወዝ ደግሞ የዋርሳዋ ሆነ። ዋርሳዋ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሌሊት ቢቀሰቅሱት የሠራተኞቹን የጫማ ቁጥር የሚናገር የፈረቃ አለቃ። አሁንም አጠገቧ ተቀምጦ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል።

"እኔ ጋ እኮ በሦስት ዓመት አንድም ሰው አልተጎዳም!" አለች። ይህን ስትል ሁልጊዜ ደረቷ ይነፋል። "ይሸልሙኛል ስል ጭራሽ ይቀጡኛል?"

"ስንት ሠራተኛ አለዎት?"

"አሥራ ዘጠኝ" አለች፤ ዋርሳዋ በየዓመቱ በሚያቀርብላት ዝርዝር ላይ ያለውን ቁጥር።

ሹሙ ከመሳቢያው የሠራተኞቿ ዝርዝር የተመዘገበበትን ወረቀት አወጣ። "ባለፈው ወር ተቆጣጣሪያችን የወደቡን በር መዝገብ አይቶ ነበር። በእርስዎ ድርጅት ስም በቀን አርባ ስድስት ሰው ይገባል። ያስመዘገቧቸው አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከእነዚያም ውስጥ አሥራ አንዱ የቢሮ ሠራተኛ ይላል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቢሮዎ ውስጥ አሥራ አንድ ወንበር አለ?"

"ሁለት" አለች።

"ብዕር የሚይዝ ሰውና ክሬን ሥር የሚቆም ሰው አረቦናቸው እኩል አይደለም፣ እመቤቴ። ሦስት እጥፍ ያልነው ለዚህ ነው።"

ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ጽሑፉ የዋርሳዋ ነው። ከሥሩ ያለው ፊርማ ግን የገዛ ራሷ፤ በየዓመቱ "እዚህ ጋ ፈርሚ" ሲላት ቆማ የፈረመችው።

ሹሙ አንድ ቅጽ አቀበላት። "ባለፉት ሦስት ዓመታት የተጎዳ ሰው ካለ እዚህ ይጻፋል። ከሌለ 'የለም' ብለው ይፈርሙ። ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ ካልደረሰኝ ነገ ሰዎችዎ በሩን አያልፉም።"

"ካለስ?"

"ካለ አረቦኑ ከዚህም ይጨምራል፤ አልዋሽዎትም። ግን ለተጎዳው ሰው፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ካሳውን እናያለን። ከተደበቀና በኋላ ከተገኘ ውሉ ፈረሰ ማለት ነው።"

ብዕሯን አወጣች። "የ" የሚለውን ፊደል ልትጀምር ስትል ዋርሳዋ ጎንበስ ብሎ "የለም በይና ፈርሚ፤ እንሂድ" አላት። ቀና ብላ አየችው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ እሱ ግን ከጆሮው ሥር ላብ ይንቆረቆራል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ብዕሯን ከደነች። ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሳች።

መኪናው ውስጥ ሲገቡ በሩን ዘግታ ዞረችበት።

"ስንት ናቸው?"

"ምኑ ስንት?"

"የተጎዱት!"

መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊት ለፊት አየ። "ስድስት።"

ስድስት። ቃሉ እስኪገባት ሁለት አውቶቡስ አለፈ።

"ላንቺ ብዬ ነው" አለ። "ወንድሜ በሞተ ማግስት አረቦኑ ቢጨምር እንዘጋ ነበር። ደግሞ አልጣልኳቸውም፤ አሳክሜያለሁ፣ የሁለት የሦስት ወር ደመወዝ ሰጥቻለሁ። የተጎዳነው ቤታችን ወድቀን ነው ብለው ፈረሙልኝ። ማንም አልተቀየመም።"

"እነማን ናቸው?"

እየተንተባተበ ጠራቸው። አራተኛው፣ ሁሉም ፉጨት የሚሉት ሠራተኛ ላይ ሲደርስ አቋረጠችው።

"ፉጨት? ፉጨት እኮ የተሻለ ሥራ አገኘ ብለኸኛል! ደስ ብሎኝ ሸሚዝ ገዝቼ ልኬለት የለም እንዴ?"

"ደርሶታል" አለ ዋርሳዋ።

ፉጨት ክሬን ሥር ቆሞ፣ ሁለት ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከትቶ በማፏጨት ጭነቱን የሚያስነሳና የሚያስወርድ ሰው ነበር። ፉጨቱ ቢሮዋ ድረስ ይሰማት ነበር። መሰማቱን ያቆመበትን ቀን ግን ልብ ብላ አታውቅም።

"ንዳ" አለች። "ቤቱ ውሰደኝ።"

ፉጨት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። በሩን የከፈተው በግራ እጁ ነው።

"እትዬ! ራስዎ መጡ?" ሸሚዙን ለብሶታል። ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ሊደብቅ ሞከረና ተወው። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ብቻ ቀርተዋል፤ መሃሉ ልሙጥ ነው።

ገብታ ክፍሉ መሃል ቆመች።

"ይቀመጡ እንጂ። ስለላኩልኝ ገንዘብ እግዜር ይስጥልኝ። ሸሚዙም ልኬ ነው፤ አዝራሩን እሷ ትቆልፍልኛለች።" ወደ ሚስቱ ጠቁሞ ሳቅ አለ። "ማፏጨትም በግራዬ እየተለማመድኩ ነው። ለጊዜው የፈላ ማንቆርቆሪያ ነው የምመስለው።"

ዋርሳዋ በሩ ላይ እንደቆመ ወለሉን ያያል።

"እንዴት ሆነ?" አለች እጁን እያየች።

"ብረት ስናነሳ ነው። ገመዱ ሲወጠር እጄ በገመዱና በብረቱ መሃል ነበረች። ክሬኑ ፍሬን ይዞ አልቆመም።"

"መቼ?"

"ኮፍያ ያደሉን ዕለት" አለ። "ከሰዓት በኋላ።"

አስታወሰች። "አንድ ዓመት ያለ አደጋ" የሚል ጽሑፍ ያለበትን ኮፍያ በሩ ላይ ቆማ በገዛ እጇ ለሚገቡት አድላ ነበር። ጠዋት ነበር። አጨብጭበውላት ነበር። እሱ ሲታከም እሷ ቤቷ ገብታ ፎቶዎቹን ስታይ ነበር ማለት ነው። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉዳቱን ለኢንሹራንሱ ጽፋ ካሳ እንደምትጠይቅለት ስትነግራቸው ፉጨት ደነገጠ።

"እትዬ፣ ይሄ ነገር ድርጅቱን ያዘጋል እንዴ? በኔ የተነሳ አርባ ሰው እንዳይራብ። እኔ እኮ ፈርሜያለሁ።"

"አንተ ዝም በል" አለች ሚስቱ። እስካሁን ያልተናገረች ሴት ናት፤ ከሥራ የመጣችበትን የጽዳት ልብስ አልቀየረችም። "ይጻፉት እትዬ። እኛ ምጽዋት ነበር የመሰለን፤ ሦስት ወር ተሰጠን፣ አመስግነን ተቀመጥን። የሚገባው ነገር እንዳለ የነገረን ሰው የለም።"

እሷም ብዕሯን አውጥታ ጻፈች። ስሙን፣ ቀኑን፣ ክሬኑን፣ ሦስቱን ጣቶች። "የጉዳቱ ምክንያት" የሚለው ጋ ስትደርስ "ፍሬኑ ያልተጠገነ ክሬን" ብላ ጻፈች።

ሲወርዱ ዋርሳዋ ደረጃው ላይ ቀደማት። መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ፤ ግን አልነዳም።

"ይሄ ከገባ ከምናራግፋቸው ሁለት መርከቦች አንዱን መልቀቃችን ነው" አለ። "አረቦኑን አንችለውም። ክሬኑንም መሸጥ ሊኖርብን ነው።"

"ማን ይገዛዋል? ለቁራጭ ብረት እንሰጠዋለን።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ክፉ ሰው አይደለሁም።"

"አይደለህም። ለዚህ ነው ያመንኩህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እኔም ሳላይ ስፈርም ኖሬያለሁ።"

ቅጹን ከነብዕሩ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"አምስቱን አንተ ጻፍ። ቤታቸውን የምታውቀው አንተ ነህ።"

ብዕሩን አነሳ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አጠፋ።

"ከማን ልጀምር?" አለ።

"ቅርብ ካለው" አለችው፤ የመኪናውን ሰዓት እያየች። "ቢሮው ሳይዘጋ ሁሉም ቤት እንገባለን።"