የተቆለፈበት የናና ዘይት

የመድኃኒት ፋብሪካው የጥራት መርማሪ ሰው አታምንም፤ ታናሽ ወንድሟን ደግሞ ጭራሽ። ልጅ ሳሉ የእናታቸውን ማር ልሶ ልሶ ውሃ ሞልቶበታል። ሠላሳ ዓመት አለፈው፣ እሷ ግን ያን ማሰሮ አልረሳችም። "የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከዘመድ" ትላለች።

ይኸው ወንድሟ አሁን ናና ያበቅላል፤ ቅጠሉን በእንፋሎት እየቀቀለ ዘይቱን ያወጣል። ፋብሪካው ለሳል ሽሮፕ የሚፈልገው ዘይቱ ውስጥ ያለውን ሜንቶል ነው፤ ጉሮሮ የሚያቀዘቅዘውን፣ የታፈነ አፍንጫን ቀለል የሚያደርገውን። ሜንቶሉ ከመቶ ሰባ ካልሞላ አይቀበልም። እሷ ካልፈረመች የወንድሟ የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ናሙናውን ባመጣ ዕለት ከጠርሙሱ አጠገብ አልሄድ አለ።

"ምን ፈለግህ?"

"ልሰናበተው ብዬ ነዋ።"

ዘይት ይሰናበታል? ጠረጠረች። እሱ እንደወጣ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አንስታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት። ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው።

በማግስቱ ከላይ ከላይ ቀድታ ለካች። ሃምሳ ሁለት። ደገመች፤ ያው። "አላልኩም?" አለች ብቻዋን። አዝናለች፤ ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደስም ብሏታል።

አስጠራችው። ጫማው ላይ የማሳው ጭቃ ሳይደርቅ መጣ።

"በምን አቀጠንከው?"

"እታለም፣ ጠብታ አልጨመርኩም።"

"ማሩንም እንዲሁ ብለህ ነበር!"

የተቆለፈውን ማቀዝቀዣ ከፍታ ጠርሙሱን አወጣችለት፤ እሱም ወደ መስኮቱ ያዘው። ታች ነጭ፣ መርፌ መርፌ የሚመስል ነገር ረግቷል።

"ጭራሽ ጨው!" ብላ ጮኸች።

እሱ ጠርሙሱን ብብቱ ሥር ወሽቆ ቁጭ አለ፤ እሷም ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀችው። ሲያወጣው መርፌው ሁሉ ቀልጦ ዘይቱ ጥርት ብሏል።

"ሲበርደው ሜንቶሉ ይረጋና ታች ይተኛል" አለ። "አንቺ የለካሽው የተረፈውን ነው።"

ይህን እሷም ተምራዋለች። ጥርጣሬ ግን የተማሩትን ያስረሳል። ጠርሙሱን ወዝውዛ እንደገና ለካች። ሰባ ስምንት። ፈረመች።

ወረቀቱን ተቀብሎ ከወጣ በኋላ በሩ ላይ ተመለሰ። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን የሌሎች ገበሬዎች ጠርሙሶች አያቸው።

"የእኔን ብቻ ነው የቆለፍሽበት፣ እታለም?"

አይደለም ልትል አፏን ከፈተች። ቁልፉ ግን አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።