ፊታቸውን የሚመርጡ ሕዋሳት

ሞገንስ ብሩን ጡረታ ከወጡ ዓመታት ቢያልፉም፣ አርብ አርብ ወደ ድሮ ቤተ ሙከራቸው መምጣታቸውን አልተዉም። ብስክሌታቸውን ደጅ ያስሩና ከቦርሳቸው ጥቁር ዳቦና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ አውጥተው ከሲሰል ጋር ምሳ ይበላሉ። ሲሰል ክሮአገር ዛሬ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ናት። በወጣትነቷ ግን የእሳቸው ተማሪ ነበረች። የአይጥ ፅንስ ማይክሮስኮፕ ሥር እንዴት እንደሚዘጋጅ እጇን ይዘው ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። ከባሏ በተለያየችበት ክረምትም አንድም ነገር ሳይጠይቁ ሾርባ በቴርሞስ እየያዙ የመጡት እሳቸው ናቸው። ኮፐንሃገን ውስጥ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ማለት የተለመደ ስለሆነ አንተ ትላቸዋለች እንጂ፣ በልቧ ከአባቷ ለይታ አታያቸውም።

ሞገንስ ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ቆሽት በፅንስ ውስጥ እንዴት ቅርጽ ያገኛል? መልሳቸውን ሰሌዳ ላይ በዛፍ መስለው ይስሉት ነበር። ከአንጀት ግድግዳ አንዲት ኪስ ታብጣለች፤ ኪሷ ትረዝማለች፤ ቅርንጫፍ ታወጣለች፤ ቅርንጫፉም ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣል። በየውስጡ ያለው ባዶ ቦታ የምግብ መፍጫው ፈሳሽ የሚወርድበት ቱቦ ይሆናል። ያን ዛፍ በደብተሩ ያልገለበጠ ተማሪ አልነበራቸውም።

አንድ ዓመት በጸደይ መግቢያ ላይ ሲሰል ከአይጥ ፅንስ የወሰደችውን የቆሽት እንቡጥ፣ ያችን ገና ማበጥ የጀመረች ኪስ፣ ጄል በሚባል ዝልግልግ ነገር ውስጥ አኑራ ስታድግ በፊልም ቀረጸቻት። ፊልሙን ስታየው ዛፍ የሚባል ነገር አጣች። መጀመሪያ ያለው ላይና ታች የሌለው የሕዋሳት ክምር ነው፤ በገበያ ግርግር እንደተደባለቀ ሕዝብ ሁሉም ወደፈለገው ዞሯል። ከዚያ እዚህ አንዱ፣ እዚያ አንዱ፣ ፊቴ በዚህ በኩል ነው፣ ጀርባዬ በዚያ በኩል ነው ያለ ይመስል አቅጣጫ ይይዛል። ጎረቤቶቹም ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። ፊቶቹ በተገናኙበት ቦታ ጠብታ የምታህል ቀዳዳ ትከፈታለች። ቀዳዳዎቹ በየቦታው ተበታትነው ተወልደው ኋላ እርስ በርስ ይገጣጠሙና ቱቦ ይሆናሉ።

ሲሰል ሙከራውን ደጋግማ ሠራችው፤ ያው ነው። በሥራዋ እንደዚያ የተደሰተችበት ጊዜ አልነበረም፤ አርብ ሲመጣ ግን ደስታዋ ፍርሃት ይሆንባታል። ሞገንስ ሲገቡ ኮምፒዩተሯን ትዘጋለች፤ ስለ ብስክሌት መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች። እሳቸው ዳቧቸውን ይበላሉ። አንድ አርብ ግን ዳቧቸውን አስቀመጡ።

«ሲሰል፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትዋሺኝ። እዚህ መመላለሴ አስቸግሮሽ ነው? ከሆነ ንገሪኝ፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን አያለሁ።»

«ቴሌቪዥን ትጠላለህ እኮ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

ዓይናቸውን ስታይ ከመናገሯ ይልቅ መደበቋ እንደጎዳቸው ገባት። ኮምፒዩተሩን ከፈተችና ፊልሙን አሳየቻቸው። ሞገንስ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ እንደገና አስደግመው አዩት። ከዚያ ወደ ኋላ ተደገፉ።

«ይሄ የጄሉ ሥራ ነው» አሉ። «ከእናቷ ሆድ አውጥተሽ ሳህን ውስጥ አስቀመጥሻት፤ ግራ ሲገባት የምትሆነውን ነው ያሳየሽኝ። እኔንም ከአልጋዬ አንስተሽ ባሕር ውስጥ ብትጥዪኝ እጄን አወናጭፋለሁ። ሞገንስ የሚተኛው እንደዚህ ነው ልትዪ ነው?»

«አንተ የሚያሳስብህ ዛፍህ እንዳይነካብህ ነው» አለቻቸው። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ጸጸታት። ሞገንስ ግን የተረፈውን ዳቦ ጠቅልለው፣ ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። በሚቀጥለው አርብ አልመጡም፤ ከዚያ በኋላም አልመጡም።

ሲሰል መጀመሪያ በእሳቸው ተናደደች። ኋላ ደግሞ ጥያቄያቸው ልክ ስለሆነ ተናደደች። ጄል ውስጥ የሆነው ሁሉ ሆድ ውስጥም ይሆናል ያለው ማነው? ስለዚህ በተለያየ የእድገት ደረጃ ላይ ያሉ ፅንሶችን ወስዳ፣ የሕዋሱን ፊት ብቻ የሚያበራ ቀለም ቀብታ አንድ በአንድ መረመረች። ሥራው እስከ በጋ መግቢያ ወሰደባት። ሆድ ውስጥም ያው ነበር፤ ከመርከብ ላይ ሲያዩዋቸው እንደሚበሩ የደሴት ቤቶች፣ ቀዳዳዎቹ ተራርቀው ያበራሉ። ሕዋሳቱ ፊታቸውን እንዳይለዩ የተደረጉባቸውን ፅንሶችም አየች። እነዚያ ላይ ቱቦው በወጉ አልተከፈተም፤ ሕዋሳቱ እርስ በርስ ተላቀቁ፤ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን የሚሠሩት የቆሽት ሕዋሳትም ጥቂት ሆነው ቀሩ።

በማይክሮስኮፕ ያነሳቻቸውን ሥዕሎች በቦርሳዋ ይዛ፣ ሞገንስ በጋውን ወደሚያሳልፉበት ከከተማ ዳር ወዳለች የአትክልት ጎጆ በብስክሌት ሄደች። አጎንብሰው ድንች ሲቆፍሩ አገኘቻቸው።

«ታመህ ነው?» አለቻቸው አጥሩን ተደግፋ።

«አልታመምኩም። አኩርፌ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ማኩረፍ እንዴት ደስ እንደሚል ረስቼው ነበር። አርብ ሲመጣ ብቻ ትንሽ ይከብዳል።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

«አንቺ ትመጫለሽ ብዬ።»

ሲሰል ሳቋ አመለጣት። ገብታ ሥዕሎቹን ደጅ ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፤ ነፋስ እንዳይወስዳቸውም ሞገንስ በየጥጉ አፈር ያልለቀቀው ድንች ጫኑባቸው። ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። አንድ ጊዜ እጃቸው ወደ ቀዳዳዎቹ ሄዶ በመካከላቸው መስመር ሊስል ሞከረና ተመለሰ። ፊታቸው ላይ ያየችው ሐዘን እውነተኛ ነበር። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ።

«ኢንሱሊን የሚሠሩት ከቱቦው ለቀው መውጣት አለባቸው አይደል? ታዲያ ቱቦው ላይ ያለውን ፊታቸውን ምን ያደርጉታል?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አሉ ሞገንስ፤ ይሄን ሲሉ ግን ሐዘኑ ከፊታቸው ላይ ብን ብሎ ጠፋ።

ድንቹን ቀቅለው በቅቤ እየበሉ እስኪጠግቡ ተከራከሩ። በጋውን ሁሉ ሞገንስ አርብን አልጠበቁም፤ ማክሰኞም ሐሙስም ይመጡ ነበር። ለብቻ ሲያዩት ዓይን የሚያደክመውን ማይክሮስኮፕ በየተራ እያዩ፣ ለመውጣት የተዘጋጁት ሕዋሳት ቱቦው ላይ ያለው ፊታቸው እየጠበበ፣ እየጠበበ ክር አክሎ እንደሚቀር አዩ። ፊታቸው እንዳይጠብ የተደረጉት ሕዋሳት ደግሞ ከቱቦው አልወጡም። ሲሰል ስለ ግኝቱ በምትጽፈው የምርምር ጽሑፍ ላይ የሞገንስን ስም ልታስገባ ስትል፣ ጡረተኛ ነኝ ብለው እምቢ አሉ። ከጭቅጭቅ በኋላ ግን ስማቸው እንዲገባ ተስማሙ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የመጀመሪያውን ትምህርት የሚሰጡት፣ ጡረታ ቢወጡም፣ እንደ ወትሮው ሞገንስ ነበሩ። ሲሰል ከኋላ ቁጭ ብላ ልትሰማ መጣች። ሽማግሌው ሰሌዳው ላይ ዛፋቸውን በዝግታ፣ ቅርንጫፍ ሳያስቀሩ ሳሉት። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

«ይሄን ዕድሜ ልኬን አስተምሬዋለሁ። ቆንጆ ነው፤ ግን አነሳሱ እንዲህ አይደለም። እንዴት እንደሆነ ሲሰል ትነግራችኋለች።»

ጠመኔውን ሰጥተዋት ከፊት ወንበር ላይ፣ ከተማሪዎቹ መሃል ገብተው ተቀመጡ። ሲሰል አልተዘጋጀችም ነበር። ከዛፉ ጎን ነጠብጣቦች ትስል ጀመር። እየሳለችም መናገር ጀመረች። ግማሽ ላይ ስትደርስ የሞገንስ እጅ ተነሣ።

«እነዚያ ቀዳዳዎች እርስ በርስ የሚገናኙበትን መንገድ በምን ያውቁታል?»

«ሞገንስ፣ እሱን ገና አልደረስኩበትም።»

«እሺ ቀጥዪ፤ እየጠበቅሁ ነው።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ሲሰል ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ እንዳያዩባት ወደ ሰሌዳው ዞረችና የሚቀጥለውን ቀዳዳ ሳለች።