የዓለምነው ገብስ

«ሰዓቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ ሲሳይ፣ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከፈንታነሽ ጎን አግዳሚው ላይ ዝቅ ብሎ። «ግን የዘር ኮሚቴው ዓርብ ባሕር ዳር ይሰበሰባል። የዓለምነው ጥናት ካልቀረበ የአገሬው ገብስ ከዘር ብዜት ይወጣል።»

ፈንታነሽ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች። ወንድሟ ዓለምነው የተቀበረው ትናንት ነው። የገብስ ተመራማሪ ነበር፤ የመጨረሻውን የምርት መረጃ ሰብስቦ ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ።

ሲሳይ የዓለምነው አለቃ ነው። መረጃው ከቦርሳው ደኅና መውጣቱን፣ ስሌቱ ግን አለማለቁን፣ ሟቹ ይሠራበት የነበረውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ እንደሌለ በሹክሹክታ ነገራት። ቢቀርም ማንም አይፈርድብንም ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ።

«እኔ አውቀዋለሁ፣ ጋሼ» አለች። «መረጃውን ይላኩልኝ።»

ያወቀችው በክፉ ቀን ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስለ አፈር ስታጠና ከሰው በተቀዳ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ትሠራ ነበር። መመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ስትል ፕሮግራሙ ፈቃድሽ አልቋል ብሎ ተዘጋባት። እያለቀሰች ስትደውልለት ዓለምነው በማግስቱ መጣና «አር» የሚባለውን ሌላ ፕሮግራም ጫነላት። ይኼ ነጻ ነው፣ አሠራሩም ለሁሉ ክፍት ነው፣ ማንም አይዘጋብሽም አላት። እሷ ግን መጀመሪያ ጠላችው። ጠቅ የሚደረግ ምስል የለውም፤ እያንዳንዱን ትእዛዝ መጻፍ ነው፤ አንዲት ቅንፍ ከጎደለች እምቢ ይላል። ዓለምነው አጠገቧ ተቀምጦ፣ የጎደለችውን ቅንፍ ራሷ እስክታገኛት እየሳቀ ይጠብቃት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለፈለገ ሁሉ ያስተምር ጀመር። የጨርቅ ነጋዴው የጀማል ልጅ ኑሪያ ከተማሪዎቹ ሁሉ የበረታችው ነበረች።

ኑሪያ በዚያን ዕለት ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ስለነበር ፈንታነሽ ወደ ጓዳ ጠራቻት። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ያየችው የፈንታነሽ አክስት ወርቅነሽ ደነገጠች።

«ሣልስቱ ሳይወጣ ሥራ? አገር ምን ይለናል?»

ሁሉም ወደ ፈንታነሽ እናት ዞረ። እማማ ጥሩወርቅ ከተቀመጡበት ምንጣፍ ቀና አሉ። ፊታቸው በለቅሶ አብጧል።

«ሰው ዘርቶ ቢሞት ማሳው ለአረም አይተውም» አሉ። «የሟች ማሳ በደቦ ይሠራል። ተዋቸው፣ ይሥሩት።»

ፈንታነሽ ሲሳይ የላከላትን የወንድሟን ሥራ ከፈተች።

ዓለምነው ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በላይ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ ያብራራ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይቸገር ብሎ። ፈንታነሽ «እዚህ ጋ ኮምጣጣው አፈር ለብቻው ይታያል፤ አትቸኩሉ» የሚለውን ስታነብ ድምፁን የሰማች መሰላት። አንገቷን ደፋች። ኑሪያ ጠበቀቻት፤ ቀና ስትል የእብናትን ቁጥሮች ታነብላት ጀመር። ከአንበሳሜ የመጡ ዘመዶች ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሲጮኹ ፈንታነሽ ወጥታ አብራቸው አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና ካቆመችበት ቀጠለች።

ውጤቱ በነጋታው ወጣ። ከጉና ተራራ ሥር ባሉት የደጋ ማሳዎች የአገሬው ገብስ ኮምጣጣውን አፈር ችሎ ጥናቱ ካነጻጸረው አዲስ ዘር በልጧል። እብናት ላይ ግን ተሸንፏል። ዓለምነው እንዲህ ይሆናል ብሎ አልገመተም ነበር። ደግመው ሠሩት፤ ያው ነው።

ሲሳይ መጥቶ ውጤቱን አየ። ከዚያ የእብናቱን ብንተወውስ አላት፤ ኮሚቴው አንዲት ቀዳዳ ካገኘ ሁሉንም ይጥለዋል ብሎ ፈርቷል። ክፋት አልነበረበትም፤ የሟቹ ልፋት እንዳይባክን ነው።

«መረጃውንም ትእዛዙንም አብረን ነው የምንልከው፣ ጋሼ» አለችው። «የፈለገ ሰው ከፍቶ ደግሞ ሊያሰላው ይችላል። ደግሞስ ማንም የማያይ ቢሆን እንኳ፣ እሱ በሕይወት ቢኖር እብናትን ይደብቀው ነበር?»

ሲሳይ መሬት መሬት አየ። «አይደብቀውም» አለ። ኮቱን አውልቆ ሠንጠረዦቹን ከመረጃው ጋር ያመሳክር ጀመር።

ጽሑፉን ዓለምነው «ላቴክ» በሚባል፣ እሱም ነጻ በሆነ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ጀምሮት ነበር። ኑሪያ ግራፎቹን አስገባች፤ ፈንታነሽ የደጋውን ድልና የእብናትን ሽንፈት እኩል ግልጽ አድርጋ ጻፈች። ኮሚቴው በኋላ የአገሬው ገብስ ለደጋዎቹ ወረዳዎች እንዲባዛ ይወስናል፤ ያን ዕለት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት የአጥኚዎቹ ስም ብቻ ቀረ። አጥኚው በሕይወት ከሌለ ከስሙ ጎን ትንሽ መስቀል እንደምትደረግ ኑሪያ ቀስ ብላ አስታወሰቻት። ፈንታነሽ ትእዛዙን ጻፈች። ገጹ ሲመጣ መስቀሏ ከወንድሟ ስም ጫፍ ላይ ቆማለች።

እማማ ጥሩወርቅ ገብተው ከኋላዋ ቆመው ነበር። የልጃቸው ስም የትኛው እንደሆነ ጠየቁ፤ በጣቷ አሳየቻቸው።

«ይቺስ?»

«መስቀል ናት፣ እማዬ። ማረፉን ትናገራለች።»

እማማ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ያለችውን መስቀል ተሳለሙ።