የራሷ ጠበቃ

ልጅቷን ቤተሰቡ ሁሉ «ጠበቃ» እያለ ነው የሚጠራት። ስሙን ያወጣላት አባቷ ሲሆን በቂ ምክንያትም ነበረው፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ ያለ ክርክር የተኛችበት ምሽት የለም። «ጥርስሽን ቦርሺ» ስትባል እንኳ ማስረጃ ትጠይቃለች። አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የደም ካንሰር ጸጉሯንም ጉልበቷንም ወስዶባታል። ምላሷን ግን አልደፈረም።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ልብስ ሰፊ ለልጇ ስትሰፋ ጠርዙን ሰፋ አድርጋ ታጥፋለች፤ ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ አያድግም። በዚያ ሳምንት የትምህርት ቤት ቀሚስ እየለካቻት፣ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ፣ እጥፉን እንደ ልማዷ አራት ጣት አደረገችው። ልጅቷ ወደ ታች አየች።

«እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ለምን ታጥፊዋለሽ? ይከብደኛል። ልኬን ብቻ ስፊልኝ።»

«ለከርሞ ይሆንሻል ብዬ ነዋ።»

ጠበቃ አልተከራከረችም። እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ አስተያየቷ ለእናቷ የሚያዝን ሰው አስተያየት ነበር። ያን ጊዜ ለእናት ገባት። ልጅቷ እንደምትሞት ታውቃለች። ወላጆቿ ከእሷ ሲደብቁ እሷም ማወቋን ከእነሱ ስትደብቅ ኖራለች። እናት ትርፉን በመቀስ ቆረጠችው።

በማግስቱ ሐኪሟ ወላጆቹን ቢሮዋ አስገብታ ያለውን ነገር ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። አንደኛው መንገድ ከዚህ በፊት የወሰደችውን የሚያዝል መድኃኒት ሆስፒታል ተኝታ እንደገና መጀመር ነው። ጥቂት ዕድሜ ሊጨምር ይችላል እንጂ አያድናትም። ሌላው ቤቷ ሆና ሕመሙን ብቻ ማስታገስ ነው።

«ልጅቷም ትግባና ትስማ» አለች እናት።

አባት ደነገጠ። «ምን ነካሽ? እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ይነገራል? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።»

«እኛ ሁለት ዓመት ያቦካነውስ ለማን በቃ? ታውቃለች እኮ። ብቻዋን ነው የምታውቀው።»

አባት ተረታ። ይህ በዚያ ቤት ብርቅ አልነበረም፤ የዛሬው ግን እንደ ሌላው ቀን አላሳቀውም። ሐኪሟ ወደ እሱ ዞር አለች። «ሸክሙን እሷ ላይ አንጥልም። የምንወስነው እኛ ትልልቆቹ ነን። ግን ገላው የእሷ ነው፤ ቃሏን ሰምተን እንወስን።» አባት በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ልጁን ለመጥራት እሱው ተነሣ።

ጠበቃ ገብታ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የተነገራትን ሁሉ ሳታቋርጥ ሰማች፤ ይህም ራሱ ለእሷ ታሪክ ነው። ከዚያ ጥያቄዋን ጀመረች።

«መድኃኒቱ ያድነኛል?»

«አያድንሽም» አለች ሐኪሟ። «ትንሽ ጊዜ ይጨምርልሽ ይሆናል።»

«ጊዜውን የት ነው የማሳልፈው?»

«አብዛኛውን እዚህ፣ አልጋ ላይ።»

«እያስመለሰኝ?»

«አዎ።»

«ቤት ከሆንኩስ? ሲያመኝ ማን አለ?»

«ነርስ እየመጣች ማስታገሻ ትሰጥሻለች። እኔም አለሁ። አንተውሽም።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ቤት ይሻለኛል። ትምህርት ቤትም የቻልኩ ቀን እሄዳለሁ።» ከዚያ ወደ ወላጆቿ ዞረች። «ግን እናንተም መቻል አለባችሁ። እያያችሁኝ የማትችሉ ከሆነ እዚሁ እተኛለሁ።»

እናት በዕድሜዋ እንዲህ ኮርታ አታውቅም። የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና ስትገዛ ኮርታ ነበር፤ ይህቺን ልጅ ስትወልድም። ያ ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ኩራትና ሐዘን ተጋፉባትና ኩራቱ ቀድሞ ወጣ። «ልጄ እኮ ናት» አለቻት ለሐኪሟ፣ ሐኪሟ የማታውቅ ይመስል።

«እንችላለን» አለ አባት። ድምፁ ተሰባበረ፣ ቃሉን ግን አልመለሰም። «ቤታችን እንሄዳለን።»

ከቢሮው ሲወጡ ጠበቃ ቀጥ ብላ መሃላቸው ተራመደች። ኮሪደሩ አጋማሽ ላይ ቆመች።

«አሁን ማልቀስ ይቻላል?»

«ይቻላል፣ የኔ እናት» አለቻት እናቷ።

አባቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። እናቷም አጠገባቸው ተቀመጠች። ሁለት ዓመት በየጓዳቸው ተደባብቀው ሲያለቅሱ የኖሩት ሦስቱ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚመላለስበት ኮሪደር ላይ አብረው አለቀሱ።